ለጅግሶ ያላነበብኩት ወረቀት

የአርበኞች ቀን በመጣ ቁጥር ዲላ ላይ እኔን ከፊት ወንበር ያስቀምጡኛል። የግራዝማች ልጅ ስለሆንኩ ነው። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፤ ጀርባው ተሰንጥቋል፤ ስነሣ ነጠላዬን ይዞ ያስቀራል። አንዱ ትንሽ ባንዲራ በእጄ ያስይዘኛል፣ ሌላው የውኃ ጠርሙስ ከእግሬ ሥር ያቆምልኛል፣ ከዚያ ንግግር ይጀመራል። ተናጋሪዎቹ ይለዋወጣሉ እንጂ ንግግሩ በየዓመቱ አንድ ነው፤ ዱር፣ ገደል፣ ደም፣ አጥንት። ከፍየል ቆዳ የተሠራ ጎፈር የደፉ ሰዎች መድረክ ላይ ይፎክራሉ። ጎፈሩ ዝናብ ሲነካው ይሸታል፤ በዚያ ወር ደግሞ ዲላ ላይ ዝናብ አይጠፋም። እስኪያልቅ እቀመጣለሁ፤ ሲያጨበጭቡ አጨበጭባለሁ፤ ቤቴ ስገባ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ይህን ስንት ዓመት እንዳደረግሁት አልቆጠርኩም። አልመጣም ማለት እችል ነበር። አለማለቴ የራሴ ጥፋት ነው፤ በማንም አላሳብብም።

ካቻምና በዚያ ቀን፣ ሕዝቡ ሲበተን፣ አንድ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ወደ ወንበሬ መጥቶ እጅ ነሣኝ። ዮናስ እባላለሁ አለኝ። ታሪክ አስተማሪ ነው፤ የዶክትሬት ጽሑፉን የሚሠራው ጣልያን በጌዴኦ ምድር በነበረበት ዘመን ላይ ነው። ዶክተር ሊሆን አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ይህን ስጽፍ ገና አልሆነም።

«እማማ አስካለ፣ እርስዎን ለማግኘት ሁለት ዓመት ደከምኩ» አለኝ።

«ቤቴ ከገበያው በላይ ነው» አልኩት። «ሁለት ዓመት አያስኬድም።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሻይ አልጠጣም አለ፤ እጁ ቸኩሎ ነበር። ከቦርሳው ውስጥ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አስተኛው።

«ከአንድ መዝገብ ቤት አቧራ ውስጥ ነው ያወጣሁት። ቅጂው ነው። የአባትዎ የአርበኝነት ምስክር ወረቀት። ሦስተኛው ምዕራፌ በሙሉ በዚህ ላይ ነው የቆመው።»

መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ፣ ከግርጌው አንድ የአውራ ጣት አሻራ። ፊደሎቹ ሁሉ ነፋስ እንደ መታው ገብስ ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው።

«ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ አልተገለጸም» አለ ዮናስ። «ግን ከእጅ ጽሕፈቱ ተነሥቼ በዕድሜ የገፋ፣ የበሰለ የቤተ ክህነት ሰው መሆኑን ደምድሜያለሁ። ምስክሩ ደግሞ ወልደ ሚካኤል የሚባል የአባትዎ ተከታይ አርበኛ ነው። ኮንጋ ድረስ ሄጄ ዘመዶቹን ባፈላልግ ስሙን እንኳ የሚያውቅ አጣሁ። እንዲህ ያለ ጀግና ተረስቶ!»

ከዚያ አንድ ቅጽ አወጣ። ወረቀቱ በጽሑፉ ውስጥ እንዲታተም የቤተሰብ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከቤተሰቡ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ብፈርም ያ ወረቀት በዶክተር ስም ተጠርዞ መጻሕፍት ቤት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ከእሱ እየቀዳ ይጽፋል። ብዕሩን ሲዘረጋልኝ ምላሴ ላይ፣ በምራቅ ሲርስ ሐምራዊ ቀለም የሚሆነው የኮፒያ እርሳስ ጣዕም መጣብኝ፤ ብረት ብረት የሚል፣ መራራ። ስንት አሠርት ዓመት አልፎታል። ወረቀቱን ተውልኝና ነገ ተመለስ አልኩት።

ያኔ ዲላ ከተማ አትባልም ነበር፤ ጭቃ ላይ የተቀመጠች ገበያ ነበረች። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በጣት ይቆጠራል። ከትልቁ ሾላ ማዕዘን ላይ የአንድ ዓረብ ሱቅ ነበረ፤ ላምባ በጠርሙስ፣ አቡጀዴ በክንድ፣ ስኳር እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ትልቅ ቁራጭ በመዶሻ እየተሰበረ ይሸጥበታል። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ የሞባይል መጠገኛ ነው፤ ሾላው ከተቆረጠ ቆይቷል። አባቴ ገበያ ሲወጣ ጥቁር ካባውን ይደርባል፣ ጠመንጃውን ሌላ ሰው ያሸክማል። እኛ ከሰሜን የመጣን ባለመሬቶች ነን፤ የአገሩ ሰዎች ደግሞ የእኛ ገባሮች። እንጨት ያመጣሉ፣ ማር ያመጣሉ፣ አጥር ያጥራሉ፣ እናቴን በጀርባቸው ማዘል ብቻ ነው የቀራቸው። እኛ ቤት ይህ እንደ ፀሐይ መውጣት ነበር፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከገባሮቹ አንዱ የኮንጋው ጅግሶ ነው። አባቴ ክርስትና አንሥቶት ወልደ ሚካኤል አሰኝቶታል። ያን ስም የሚጠራው የእኛ ቤት ብቻ ነበር። ጅግሶ ዝም ያለ ሰው ነው፤ ደጃፋችን ላይ ሲቆም ከምሰሶው አይለይም። የእንሰት ቆጮ በቅጠል ጠቅልሎ ሲያመጣ እናቴ አፍንጫዋን በነጠላ ትይዝና «ከውጭ አስቀምጠው፣ ይሸታል» ትለው ነበር። እሱም ከውጭ ያስቀምጠዋል። አሽከሮች ይበሉታል።

ጣልያን መጣ ሲባል ወሬው ከወታደሩ ቀደመ። አንድ ጧት ተነሥተን ብናይ እንጨት የሚያመጣ የለም፣ ውኃ የሚቀዳ የለም። ከእንግዲህ ገባር የለም ተብሎ ታውጇል አሉ። በየመንደሩ ሰዎች ጦራቸውን እየሳሉ የባለመሬቶቻቸውን ቤት ይጠይቁ ጀመር። አባቴ ፊት ላይ ያየሁትን ፍርሃት ከዚያ በፊትም በኋላም በሰው ፊት ላይ አላየሁም። የፈራው ጣልያንን አልነበረም። ካባውን አውልቆ የእናቴን አሮጌ ጋቢ ተከናነበና እናቴን፣ ታናሽ ወንድሜንና እኔን ይዞ በእግር ወደ ኮንጋ ወረደ። ጠመንጃውን መንገድ ላይ ወንዝ ውስጥ ጣለው።

ጅግሶ ምንም አልጠየቀም። ወደ እንሰቱ ውስጥ አስገባን። የጌዴኦ እንሰት ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው አይረዳኝም፤ ቅጠሉ ሰማዩን ይሸፍነዋል፣ ዝናቡ ከላይ ይመታል እንጂ ታች አይደርስም፣ ሁለት እርምጃ ከራቅህ ያጠገብህ ሰው አይታይም። እዚያ ውስጥ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጎጆ ሠራልን። አንድ ክረምት ተቀመጥን። ሚስቱ ከጉድጓድ የምታወጣውን ቆጮ በጎመን በልተን አደርን። እናቴ በመጀመሪያው ቀን አልቀመስም አለች፤ በሦስተኛው ቀን ከወንድሜ ድርሻ ላይ ስትቆርስ አየኋት። ከእኔ እኩያ ከሆነው ከጅግሶ ልጅ ከበራሶ ጋር የእንሰት ቅጠል እየቀደድን ጃንጥላ እንሠራ ነበር፤ እሱ ያስተማረኝን የጌዴኦኛ ስድብ ዛሬም ዐውቀዋለሁ።

አንድ ቀን አሥር የሚሆኑ ሰዎች ጦር ይዘው መጡ። ከቅጠሉ ኋላ ሆኜ አየኋቸው። አባቴን ነበር የሚፈልጉት። ጅግሶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ከእነሱ ጋር በቋንቋቸው ብዙ ተነጋገረ፤ አንዱ በደረቱ ገፋው። አልተንቀሳቀሰም። ሲሄዱ ገብቶ ለአባቴ «ሄደዋል» አለው፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ገባርነቱ ቀርቶለት ነበር። አንድ ጊዜ እጁን ወደ እንሰቱ ቢቀስር ይበቃው ነበር። አባቴ በሁለት እጁ የጅግሶን ጉልበት ይዞ አለቀሰ። ይህንም አየሁ።

ከክረምቱ በኋላ ወደ ዲላ ተመለስን። አባቴ ከጣልያኖቹ የይለፍ ወረቀት አገኘና ዕንቁላልና ዶሮ ወደ ሰፈራቸው ያቀርብ ጀመር። አጭር የካኪ ሱሪ አሰፋ፤ ቅልጥሙ ነጭና ቀጭን ነበር። ያ በካባ የሚንጎራደድ ሰው የጣልያን ወጥ ቤት ኃላፊ ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ይላል። ኃላፊው ባዶ የቲማቲም ጣሳ ሲሰጠው እቤት ይዞት ይመጣል፤ እናቴ ታጥባ መጠጫ ታደርገዋለች። ከሰፈሩ የሸክላ ማጫወቻ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሴት በማይገባን ቋንቋ እየተንቀጠቀጠች ትዘፍናለች፤ እኛ የዲላ ሴት ልጆች ዜማውን አጥንተነው ገመድ ስንዘል እናዜመው ነበር። ካሚዮኖቹ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጡ የሚገፉት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ አለንጋም ነበረ። ገባርነት ቀረ የተባለላቸው ሰዎች መንገድ ይቆፍራሉ። እውነቱን ለመናገር ያ ዘመን ለማንም አላማረም። አባቴ ግን ወፈረ። አምስቱ ዓመት ያለፈው እንዲህ ነው፤ በዕንቁላል።

ጣልያን ወጥቶ መንግሥት ሲመለስ ካኪው ተቃጠለ፣ ካባው ከሣጥን ወጣ። ዱር የከረመ አርበኛ ምስክር ይዞ ይቅረብ፣ መሬት ይጸናለታል ተባለ። በከተማው ደብዳቤ ጽፈው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ፤ አባቴ ግን ለእነሱ አልሄደም። የዕንቁላሉን ነገር ሁሉም ያውቃሉ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ሰፈራችን ያለ አንድ ዲያቆን ፊደል አስቆጥሮ፣ ዳዊት አስደግሞ፣ ጽሕፈት አስተምሮኛል። እጄ ያምራል ይሉኝ ነበር። አባቴ በረንዳ ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ ወረቀት ሰጥቶ፣ ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ እየተንጎራደደ አጻፈኝ። ጦርነቱን ሲፈጥረው ዐይኑ ይበራ ነበር። አንድ ጊዜ «እዚህ ላይ ስንት ጠላት ወደቀ ልበል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔን! ሰባት ይሁን አልኩት። ሰባት ብለሽ ጻፊ አለኝ። ዮናስ ያን ሰባት በጽሑፉ ውስጥ ተንትኖታል።

ወረቀቱ ሌላም ነገር ነበረበት። ኮንጋ ያለው የጅግሶ እንሰትና ቡና፣ ከጥንት የአባቴ ርስት እንደ ሆነ፣ ወልደ ሚካኤልም በአባቴ ፈቃድ ብቻ እንደ ተቀመጠበት፣ ይህንንም ራሱ መስክሮ በጣቱ እንዳጸና ይላል።

በአራተኛው ቀን ጅግሶ ተጠራ። ማር ይዞ መጣ። እናቴ ማሩን ተቀብላ ገባች፤ ከጓዳ እንደማትወጣ ዐወቅሁ። አባቴ ቀደም ብሎ ለብቻዬ ጠርቶ እንዲህ አለኝ፤ «ሲመጣ ታነቢለታለሽ። ጅግሶ ደግ ሰው ነው፣ በክፉ ቀን ከነቤተሰባችን አስጠግቶ፣ አብልቶ አድኖናል፣ እግዚአብሔር ውለታውን ይክፈለው ይላል በይው። ሌላውን ተይው።» ጅግሶ አማርኛ ይሰማል እንጂ ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ዐይኔን ከመስመር መስመር እያንቀሳቀስኩ፣ የሌለውን አነበብኩለት። ከዚያ የኮፒያ እርሳሱን በምላሴ አርጥቤ አውራ ጣቱን ቀባሁት። ጣቱ እንደ ቅርፊት ሻካራ ስለ ነበረ ቀለሙ ቶሎ አልያዘም፤ ሦስት ጊዜ ላስኩ። ወረቀቱ ላይ ሲጫን የኔን ፊት ነበር የሚያየው።

ያን ዕለት ምላሴ ሐምራዊ ሆኖ ዋለ። ወንድሜ ሳቀብኝ።

ጅግሶ ከባለ እንሰትነት ጭሰኛ ሆነ። እኔን አባቴ በዚያው መሬት ገቢ አዲስ አበባ ልኮ ሁለተኛ ደረጃ አስጨረሰኝ። ጫማዬ፣ ዩኒፎርሜ፣ ደብተሬ ከየት እንደ መጣ ዐውቅ ነበር። ተመልሼ በአንድ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ። አባቴ በክብር ሞተ፤ መድፍ ብቻ ነው ያልተተኮሰለት። ከዚያ መሬት ለአራሹ ሆነና የኮንጋው ነገር በአዋጅ ተዘጋ። እኔም ተዘጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ለራስ ሲሆን ሰው ለመርሳት ምን ያህል ትጉህ እንደ ሆነ ይገርመኛል።

ዮናስ በማግስቱ ሲመጣ ቅጹ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ፈገግ አለ። «እማማ፣ በዚያ ዓመት ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«አሥራ ሁለት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መጻፍ ትችላለች። መዋሸትም ትችላለች። ያ በዕድሜ የገፋ የቤተ ክህነት ሰው እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ዕንቁላሉን፣ ካኪውን፣ ጅግሶን፣ ጣቱን። መቅረጫውን ከፍቶ ነበር፤ በመካከሉ ዘጋው። ሲዘጋው አየሁት። ፊቱ እየገረጣ ሄደ። እኔን ይሰማል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ምዕራፉን ነበር የሚያስበው።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «ሕፃን ነበሩ። ዘመኑ የሚያስደነግጥ ነበር። ሰው ይረሳል፣ ያምታታል። ወረቀት ግን አይረሳም።»

«ወረቀት ምን የሚያውቀው ኖሮት ነው የሚረሳው?»

«በእኛ ሥራ የቃል ምስክር በሰነድ ይመዘናል እንጂ ሰነድ በቃል አይወድቅም። አማካሪዬም አይቀበለኝም። ያንድ ሰው ቃል...» አልጨረሰውም። ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «የእርስዎን ሐሳብ በግርጌ ማስታወሻ አስገባዋለሁ። ቃል እገባለሁ።»

ከሁለት ዓመት በላይ የለፋበት ነገር ነው፤ ይገባኛል። ቢሆንም ያን ጊዜ ያየሁት አባቴን ነው። ያው በረንዳ፣ ያው ንጹሕ ወረቀት፣ ያው «እጅሽን አምጪ»። ተጸየፍኩት። አልደበቅሁትም መሰለኝ፣ ዐይኑን ሰበረ።

«ወልደ ሚካኤልን ፈልጌ አጣሁት አላልክም?» አልኩት። «ነገ ኮንጋ ውሰደኝ። ቤቱን አሳይሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፊርማው እንነጋገራለን።»

ይርጋጨፌ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። ባለባጃጁ «እማማ፣ ጠበቅ አርገው ይያዙ፤ ይህ መንገድ ጥርስ ያስቆጥራል» አለኝ። «ቆጥሬ ጨርሻለሁ፣ ንዳ» አልኩት። ጭቃው ሲያስቸግረው ወርደን በእግር ገባን። ዮናስ ክንዴን ይዞኛል። ከቡና ማጠቢያ ጣቢያው በስተቀር ብዙ አልተለወጠም፤ እንሰቱ እንደ ድሮው ሰማዩን ሸፍኖታል። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ከዲላ በግማሽ ቀን የሚደረስበትን ቦታ አንድ ጊዜ ረግጬው አላውቅም።

በራሶ ደጃፉ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ምራቱ ምሕረት አጠገቡ እግሯን ዘርግታ እንሰት ትፍቃለች። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ነው።

«ማን ናት?» አለ።

«አስካለ ነኝ። የግራዝማች ልጅ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «አርጅተሻል» አለኝ።

«አንተስ?»

«እኔማ ሞቼ ነበር፣ እነዚህ አስቀሩኝ። ቁጭ በይ።»

ዮናስ መቅረጫውን አውጥቶ፣ ትሕትና በተሞላ ድምፅ፣ ወልደ ሚካኤል ስለሚባለው አርበኛ ጠየቀው። በራሶ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ዞረ። «ወልደ ሚካኤል ማነው?»

«አባትህ» አልኩት።

ሳቀ። «እናንተ ቤት ሲሄድ ነው ወልደ ሚካኤል። ወንዙን ሲሻገር ጅግሶ ነው።» ወደ ዮናስ ዞሮ፣ «አባቴ ጦርነት አልሄደም። ሰው የሚባረር ከሆነ ያስገባል። እሱን ነው የሚያውቅ» አለው። ዮናስ ማስታወሻው ላይ የጀመረውን መስመር ሳይጨርስ ብዕሩን አነሣ።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ለዮናስ እንደ ነገርኩት አልረዘመም። ወረቀቱን ጻፍኩ፣ ለአባትህ የሌለውን አነበብኩ፣ ጣቱን ቀባሁ አልኩት። ይቅርታ የሚለውን ቃል አልተጠቀምኩም፤ ከአፌ ሲወጣ የሚረክስ መሰለኝ። ምሕረት መፋቋን አላቆመችም፤ ግን ትሰማለች።

«እናውቃለን» አለ በራሶ።

«ምን ታውቃላችሁ?»

«አባቴ የዚያን ቀን ቤት ገብቶ ለእናቴ ምን አላት? ወረቀቱ ረጅም ነው፣ ንባቡ አጭር ነው፣ በመካከሉ ያለው ምን እንደ ሆነ አላውቅም አላት። እኔ አለሁ፣ እሰማለሁ። በኋላ ሲሶ አምጣ ሲባል መሬቱ እንደ ሄደ ዐወቀ። ግን ቃሉን አላወቀም። ሊሞት ተኝቶ እንኳ፣ በመካከሉ ምን ነበር ይል ነበር።»

«ንባቡ ማጠሩን ካወቁ፣ ለምን ጣታቸውን ሰጡ?» አለ ዮናስ።

በራሶ እንደ ሕፃን አየው። «ለማን ይናገር? ዳኛው ግራዝማች ቤት ነው የሚበላ። ደግሞ ግራዝማች ክርስትና አባቱ ነው። ክርስትና አባት ይዋሻል?» ከዚያ ወደ እኔ፤ «ወረቀቱ አለ?»

«አለ።»

«አንብቢው። ሁሉንም።»

አነበብኩ። ትንፋሼ አይበቃኝም፤ በየመስመሩ መጨረሻ ማረፍ ነበረብኝ። ሰባቱ ጠላት በየተራ ወደቁ። «በዱር በገደል፣ በብርድ በዝናብ፣ የዱር ሥራሥር እየተመገብኩ» የሚለው ጋ ስደርስ ምሕረት መፋቂያዋን አቆመች።

«የዱር ሥር?» አለች። ከፊቷ ካለው ነጭ ክምር ዕፍኝ ሙሉ አንሥታ አሳየችኝ። «ይኼ ነው የዱር ሥር?»

«እሱ ነው» አልኩ።

«አባባ! የአያታችንን ቆጮ በልቶ በልቶ የዱር ሥር አለው!»

በራሶ እስኪያስለው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ በነጭ እጇ ዐይኗን መጥረግ አቅቷት በትከሻዋ ጠረገች። እኔ አልሳቅሁም። የምግቡን ስም እንኳ እንዲያ አድርጎ የጻፈው የእኔ እጅ ነው። ቀጠልኩ። ወሰኑ ጋ ስደርስ፣ በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ ኮረብታው፣ የተቀመጥንበትን ደጃፍ ከነእንሰቱ ሲያካልለው፣ ሳቁ ቆመ። በራሶ በየወሰኑ ስም ራሱን ወደዚያው አቅጣጫ ያዞር ነበር። ጨረስኩ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ያን ቀን ያነበብሽለት የቱ ነው?»

«እዚህ ላይ የለም» አልኩት። «ጅግሶ ደግ ሰው ነው፣ በክፉ ቀን ከነቤተሰባችን አስጠግቶ፣ አብልቶ አድኖናል፣ እግዚአብሔር ውለታውን ይክፈለው ነበር ያልኩት።»

ለአባቴ ያ ማታለያ ነበር። ለእኔም ነበር። ከሁለት ገጹ ሁሉ አንድ እውነት የነበረው ግን ያው ያልተጻፈው ነው፤ ይህን እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም።

በራሶ ለዮናስ፣ «እሱን ጻፍ» አለው።

«አባባ፣ እሱ እኮ...» ዮናስ አንገቱን ደፋ። «እሱ ሰነድ የለውም።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ሰማው መሰለኝ፣ ጆሮው ቀላ። ከቦርሳው ቅጹን አውጥቶ ይዞታል፤ ለምን እንደ ያዘው ያወቀ አይመስልም።

«ብዕርህን አምጣ» አልኩት።

ቅጹን ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከጀርባው ጻፍኩ። ጽሕፈቴ የድሮው ውበት የለውም፤ ፊደሎቹ ግን ያው ወደ ግራ ናቸው። ጅግሶ አባቴንና እኛን እንሰቱ ውስጥ አንድ ክረምት እንደ ሸሸገን፣ አባቴ በዱር አንድ ቀን እንዳልዋለ፣ ዕንቁላል ለጣልያን ያቀርብ እንደ ነበረ፣ መሬቱ የጅግሶ እንደ ሆነ፣ የውሸቱን ወረቀት እኔ አስካለ እንደ ጻፍኩና ለጅግሶ እንዳላነበብኩት። ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ስም ጽፌ ፈረምኩ። ዮናስ አጠገቤ ተንበርክኮ ወረቀቱ እንዳይበር ጠርዙን ይዞልኝ ነበር። አላስቸኮለኝም።

ስጨርስ መነጽሬን አስተካክዬ ላነብለት አፌን ከፈትኩ። በራሶ መዳፉን አነሣ።

«አንቺ ተይ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «ምሕረት ታንብበው።»

ምሕረት ተነሥታ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለች። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በጌዴኦኛ፣ ጮክ ብላ አነበበች። እኔ ከጎኗ ቆሜ በየመስመሩ በዐይኔ ተከተልኳት። አንድም ቃል አላስቀረችም።